ሳታነቢ አትጫኚ

ልጄ፣ ሀዋሳ ውስጥ ሥራ እንደያዝሽ ሰማሁ። የመጀመሪያ ሥራሽም መሥሪያ ቤቱ ለዓመታት በኤክሴል ያጠራቀማቸውን ዝርዝሮች በጅምላ ወደ ፍለጋ ዳታቤዝ ማስገባት ነው አሉኝ። «ሁለት ቀን ይበቃኛል» ማለትሽንም ነግረውኛል። መጫኑ እንኳ ሁለት ቀን አይፈጅም፤ እንደ ኤላስቲክሰርች ያለ ፕሮግራም መቶ ሺህ መዝገብ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀበላል። ችግሩ የተበላሸውንም ያለ ቅሬታ መቀበሉ ነው። አለቆችሽ ስንት መዝገብ ገባ ብለው ይጠይቁሻል። እኔ ግን የምጠይቅሽ ባለጉዳዩ ስሙን ሲፈልግ ያገኘዋል ወይ ብዬ ነው። የምመክርሽ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚወጣ ነው። እንደ ሽማግሌ ልማድ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ፤ አንዳንዱ ቢረዝም አትታዘቢኝ።

1. ኮድ ከመጻፍሽ በፊት ፋይሉን በዓይንሽ አንብቢ።

የላይኛውን አሥር መስመር ብቻ አይተሽ አትመለሺ። መሀሉንም መጨረሻውንም ክፈቺ፤ ጸሐፊ በተለወጠ ቁጥር አጻጻፉም ይለወጣል። ኤክሴል በግዕዝ ፊደል የተጻፈን ፋይል እንዲሁ ሲ.ኤስ.ቪ. አድርጎ ሲያስቀምጠው ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 የሚለውን ሲ.ኤስ.ቪ. ምረጪ። ያም ቢሆን በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ዓይን የማያየው ምልክት ይጨምራል፤ ካላስወገድሽው የመጀመሪያው ዓምድ ስም ላይ ይጣበቅና «መለያ ቁጥር የሚባል ዓምድ የለም» የሚል ስሕተት ግማሽ ቀንሽን ይበላብሻል።

ቁጥሮቹን ደግሞ ጠርጥሪያቸው። የሀዋሳ መደበኛ ስልክ በ046 ይጀምራል፣ ሞባይሉ በ09 ወይም በ07። ኤክሴል ግን ቁጥር ነው ብሎ ፊተኛውን ዜሮ ይጥለዋል። የንግድ ባንክ ባለ 13 አኃዝ የሒሳብ ቁጥርማ ከዚህ የባሰ ይደርስበታል፤ ኤክሴል አሳጥሮ ያሳየው ቁጥር በዚያው መልኩ ወደ ሲ.ኤስ.ቪ. ሲገለበጥ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ይጠፋሉ። የማይደመርና የማይቀነስ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው ብለሽ ያዢ፦ ስልክም፣ የቤት ቁጥርም፣ የፋይል ቁጥርም።

ፋይሉ አሮጌ ከሆነ ሌላም ይጠብቅሻል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ ቢሮዎቻችን ሲጽፉ የኖሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነው። ያ ጽሑፍ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ እስካለ ድረስ ነው፤ ፎንቱ ሲነሳ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይቀራል። ዳታቤዙ ቅልቅሉን እንደ ደህና ጽሑፍ ይቀበለዋል፤ ማንም ፈልጎ አያገኘውም እንጂ። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ።

2. የቀን ዓምድ ስታዪ ቁሚ።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው፤ ስሕተቱ ዝም ያለ ስሕተት ስለሆነ። የመሥሪያ ቤቶቻችን ዝርዝር ባብዛኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የፍለጋ ዳታቤዙ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደበትን ቀን ውሰጂ፦ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.። ጸሐፊው 2012-03-10 ብሎ ከጻፈው ማሽኑ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2012 ነው ብሎ ያለምንም ቅሬታ ይይዘዋል። እውነተኛው ቀን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2019 ነበር። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ጠፋ ማለት ነው፤ ያየ የለም፣ የጮኸም የለም።

የሚጮኸው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ጳጉሜን ሲያይ 13ኛ ወር የለም ብሎ ይመልሳል፤ ጥቅምት 30ን ሲያይ ሁለተኛው ወር 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልሳል። ብዙ ጀማሪዎች እነዚህን ጥቂት የተመለሱ መዝገቦች እንደ ጸሐፊ ስሕተት ቆጥረው ይጥሏቸዋል። አንቺ ግን አመስግኚያቸው፤ ዓምዱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆነ የነገሩሽ እነሱ ናቸው።

ስምንት ደምሮ መገላገልም አያዋጣም። ልዩነቱ እንደ ወሩ አንዴ ሰባት አንዴ ስምንት ነው፣ እንቁጣጣሽም አንዴ ሴፕቴምበር 11 አንዴ 12 ላይ ይውላል። የተፈተነ መቀየሪያ ተጠቀሚና ሁለት ዓምድ ያዢ፦ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን እንዳለ በጽሑፍነቱ፣ የተቀየረው ደግሞ በቀንነቱ። ባለጉዳይ የሚጠይቅሽ በመጀመሪያው ነው፤ ማሽኑ የሚደረድረው በሁለተኛው። ሰዓት የተጻፈበት መዝገብ ከገጠመሽ ደግሞ «3 ሰዓት» የጠዋቱ 9 መሆኑን ለማሽኑ የምትነግሪው አንቺ ብቻ ነሽ።

3. የቦታ ስም ታሪክ አለው፤ ታሪኩን አትሰርዢ።

በሀዋሳ የምትሠሪ ሰው ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለብሽ። ከተማዋ በአሮጌው ወረቀት አዋሳ ናት፣ በአዲሱ ሀዋሳ ወይም ሐዋሳ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር፤ ከመሠረቱት ተቋማት አንዱ የሆነው የእርሻ ኮሌጁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አዋሳ እርሻ ኮሌጅ ነበር። አንድ ተመራማሪ «ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ሲፈልግ የ1995 ዓ.ም. ሥራ ባይወጣለት ጥፋቱ የሱ አይደለም።

የክልሉ ነገር ደግሞ አለ። ሲዳማ በሰኔ 2012 ከደቡብ ክልል ወጥቶ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። በ2014 ካፋን የያዘው ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። በነሐሴ 2015 ቀሪው በደቡብ ኢትዮጵያና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተከፈለ። እንግዲህ «ደቡብ ክልል» የሚል ቃል ያለበት የ2008 ዓ.ም. መዝገብ ዛሬ ከአራት ክልሎች በአንዱ ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽ የዞኑ ዓምድ ነው። ወላይታ ከሆነ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ሀዲያ ከሆነ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ። አንዳንዱ «አጽዳ» ሲባል አሮጌውን ስም በአዲሱ ይተካዋል፤ ይህ ሰነድን መለወጥ ነው። መዝገቡ በተጻፈበት ቀን የነበረው ስም በአንድ ዓምድ ይቀመጥ፣ የዛሬው በሌላ።

አዋሳንና ሀዋሳን አንድ ለማድረግ የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር አዘጋጂ፤ ዝርዝሩንም በመጫኛው ወገን ሳይሆን በፈላጊው ወገን አድርጊው። ያን ጊዜ ነገ አንድ ስም ብትጨምሪ መረጃውን እንደገና መጫን አያስፈልግሽም። ስምንቱን ክፍለ ከተሞች ግን በአንድ አጻጻፍ አጽኚያቸው፦ ታቦር፣ መናኸሪያ፣ መሀል ከተማ፣ ምሥራቅ፣ ባህል አዳራሽ፣ ሐይቅ ዳር፣ አዲስ ከተማ፣ ሀዌላ ቱላ። «መናሃሪያ»፣ «መነሐሪያ»፣ «መናኽርያ» የሚል ሳታገኚ ፋይል አትጨርሺም።

4. የዓምዱን ዓይነት ራስሽ ወስኚ።

ምንም ካላልሽው ኤላስቲክሰርች የመጀመሪያውን መዝገብ አይቶ ይገምታል። የመጀመሪያው የቤት ቁጥር 214 ተብሎ በቁጥርነት ከተላከ ዓምዱን የቁጥር ያደርገዋል፤ በኋላ «214/ሀ» ወይም «አዲስ» የሚል ሲመጣ ይመልሰዋል። የተወሰነ ዓይነት በኋላ አይለወጥም፤ አዲስ ኢንዴክስ (መዝገቦቹ የሚከማቹበትን) ከፍተሽ እንደገና ትጭኛለሽ። ግምቱን ዝጊና ዓምዶቹን አንድ በአንድ ጻፊ።

5. የእኛን ፊደል ለማሽኑ አስተምሪው።

ኤላስቲክሰርችም ሆነ ሶልር የሚባለው አቻው የቆሙት ደግ ካቲንግ እ.ኤ.አ. በ1999 በጀመረው ሉሲን በሚባል የፍለጋ መሣሪያ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡበት ዲስፔስም ለፍለጋ የሚጠቀመው ሶልርን ነው። ሉሲን ለዐረብኛ፣ ለሂንዲ፣ ለባስክ ሳይቀር የተዘጋጀ የቃል መተንተኛ አለው። ለአማርኛ የለውም። ስለዚህ የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ የአንቺ ነው፤ መከናወን ያለበትም ከመጫኑ በፊት ነው፣ ምክንያቱም ቃላት የሚቆረጡት መዝገቡ ሲገባ ነው።

መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላት። ፀሐይ የምትባል ሴት በአራት ጸሐፊ እጅ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ ሆና ትጻፋለች፤ ለማሽኑ አራት ሴቶች ናቸው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ሰንጠረዥ ጻፊ፤ ለእያንዳንዱ ሰባቱንም እርባታ። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ መግባታቸውንም እንዳትረሺ። ይህ የሚነካው የሚፈለግበትን ቅርጽ ብቻ ነው፤ በማያው ላይ የሚታየው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆያል። የሰው ስም በማሽን ምክንያት ሲለወጥ ማየት አልወድም።

ቀጥሎ ሥርዓተ ነጥብ። በሁለት ነጥብ የተለያየ አሮጌ ጽሑፍ እውነተኛው የግዕዝ ነጥብ ካለው በትክክል ይቆረጣል። ጸሐፊው ግን በእንግሊዝኛው ሰሌዳ ያለውን ኮለን ተጠቅሞ ያለ ክፍተት ከጻፈ፣ የተለመደው ቃል ቆራጭ ኮለኑን የቃሉ አካል ያደርገውና መስመሩ በሙሉ አንድ ቃል ይሆናል። ኮለኑን አስቀድመሽ በባዶ ቦታ ተኪው። እዝባሩ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ገ/ማርያም «ገ» እና «ማርያም» ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ገብረማርያም ብሎ የሚፈልግም አያገኘውም። ገ/ን ወደ ገብረ፣ ኃ/ን ወደ ኃይለ ዘርጊ። ወ/ ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ ወ/ሮና ወ/ሪትን ቀድመሽ ካልለየሽ «ወልደሮ» የሚባል ሰው ትፈጥሪያለሽ። ወ/ማርያምም የአባት ስም ከሆነ ወልደ ማርያም ነው፤ የሴቲቱ የራሷ ስም ከሆነ ወለተ ማርያም ሊሆን ይችላል።

ስም ካነሳሁ ይህንንም ልጨምር፦ ከውጭ የተቀዳ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» የሚል ዓምድ ይኖረዋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለሽ ለያቸው።

ሦስተኛውና ከባዱ ቅጥያ ነው። «ሀዋሳ» ብሎ የፈለገ ሰው «በሀዋሳ»፣ «የሀዋሳ»፣ «ከሀዋሳ» የሚሉትን አያገኝም። ታዲያ ብዙ ልጆች ከቃሉ ፊት የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ሲያዩ የሚቆርጥ ሕግ ይጽፋሉ። ሕጉ በቆሎን ቆሎ ያደርገዋል፣ ከተማን ተማ፣ አቶ ለማን ማ። ለእርሻ መረጃ በቆሎን ቆሎ ማድረግ እንዴት ያለ ጉድ ነው! ብትቆርጪም ሙሉውን ቃል ከተቆረጠው ጋር አብረሽ አስቀምጪ፤ ሙሉው የገጠመው መዝገብ ከላይ ይውጣ። ጊዜ ካለሽ ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ የሠራው ሆርንሞርፎ አለ፤ የቃሉን ግንድ አውጥተሽ ከመጫንሽ በፊት በተጨማሪ ዓምድ ታስገቢዋለሽ።

በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ የተጻፈው ደግሞ በላቲን ፊደል ነውና ለብቻው ዓምድ ይሰጠው። እዚያ የሚያስቸግርሽ በቃል መሀል የሚገባው ነጠላ ጥቅስ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ ቀጥ ያለውን ሌላው የጎበጠውን ይመታል፣ ለማሽኑ ሁለቱ ይለያያሉ። ወደ አንድ አምጪያቸው።

6. አሁን ጫኚ፤ ግን በልክ።

መዝገቦቹ በሚላኩበት የጅምላ ጥያቄ ለእያንዳንዱ መዝገብ ሁለት መስመር ይጻፋል፦ በአንደኛው ትእዛዙና መለያው፣ በሁለተኛው መዝገቡ ራሱ በጄሶን ቅርጽ። መዝገቡ በአንድ መስመር ማለቅ አለበት፤ ለዓይን እንዲያምር በብዙ መስመር የተዘረጋ ጄሶን ይበላሻል። የመጨረሻው መስመርም በአዲስ መስመር ምልክት ካልተዘጋ ጥያቄው በሙሉ ይመለሳል።

አንዱ ጥያቄ ከ5 እስከ 15 ሜጋባይት ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው፤ ሳይነካ የተተወ ማሽን ከ100 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም። ስንት መዝገብ ማለት እንደሆነ ግን ከእንግሊዝኛ መመሪያ አትቅጂ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ሦስት ባይት ይወስዳልና በአንድ ጥያቄ የሚገባው መዝገብ ያንሳል። በሞባይል ዳታ የምትልኪ ከሆነ ጨምቀሽ ላኪው፣ ወይም ፋይሉን በፍላሽ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ወስደሽ ከዚያው ጫኚ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

እስኪጫን ድረስ በየሰከንዱ የሚደረገውን ማደስ አጥፊው፣ ቅጂዎቹንም ዜሮ አድርጊ፤ ሲያልቅ መልሺ። መሥሪያ ቤቱ ያለው አንድ ሰርቨር ብቻ ከሆነ ቅጂው የሚቀመጥበት ሁለተኛ ማሽን ስለሌለ ዜሮ ላይ ተዪውና በምትኩ መጠባበቂያ በሌላ ዲስክ ያዢ። ዲስኩ 95 በመቶ ሲሞላ ዳታቤዙ መጻፍ እንደሚከለክል ደግሞ አስቀድመሽ እወቂ። ከዚህ ያለፈ ፍጥነት አያስፈልግሽም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

7. «200» የሚለውን መልስ አትመኚ።

የጅምላው ጥያቄ መልስ 200 ነው ማለት ጥያቄሽ ደርሷል ማለት ብቻ ነው። ከአምስት ሺህ መዝገብ ሦስት ሺው ተመልሶም መልሱ ያው 200 ይሆናል። በመልሱ ውስጥ ስሕተት አለ የለም የሚል ቃል አለ፤ ካለ የእያንዳንዱን መዝገብ ውጤት አንብቢና የተመለሱትን ከነምክንያታቸው ወደ ሌላ ፋይል ጻፊ። 429 ካየሽ ማሽኑ ጠግቧል፣ ቆይተሽ መልሰሽ ላኪ፤ 400 ካየሽ መዝገቡ ራሱ ችግር አለበት፣ ሺህ ጊዜ ብትልኪውም ያው ነው። በመጨረሻም ቁጥር አስተያዪ፦ ፋይሉ ውስጥ ያለው፣ የገባው፣ የተመለሰው። ድምሩ ካልገጠመ ወደ ቤትሽ አትሂጂ።

8. መብራት እንደሚጠፋ አስበሽ ሥሪ።

መለያውን ማሽኑ እንዲያወጣ አትተዪለት፤ ከፋይል ቁጥሩና ከዓመተ ምሕረቱ አንቺው አውጪው። መብራት ጠፍቶ ከመጀመሪያው ብትጭኚ ያው መዝገብ በራሱ ላይ ይጻፋል እንጂ አይደገምም። ማሽን ያወጣው መለያ ትንሽ ይፈጥናል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሁለቴ ከተመዘገበ ፍጥነት ምን ይረባል?

ሰዎች በሚፈልጉበት ኢንዴክስ ላይ በቀጥታ አትጫኚ። አዲስ ከፍተሽ ጨርሺ፣ ፈትኚ፣ ከዚያ የሚፈለግበትን ቅጽል ስም ወደ አዲሱ አዙሪ። ዝውውሩ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል፤ ካልተሳካም በአንድ ትእዛዝ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ፋይል ደግሞ በጭራሽ አታጥፊ።

9. በሩን ዝጊ።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 አንድ ሰው ወይም ቡድን፣ እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ ያልታወቀ፣ የይለፍ ቃል ሳይኖራቸው ለኢንተርኔት የተከፈቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ዳታቤዞችን አጠፋ፤ ብዙዎቹ ኤላስቲክሰርች ነበሩ። በባዶው ቦታ «ሚያው» የሚል ቃል ይተው ነበር። ኤላስቲክሰርች ጥበቃው ከመጀመሪያው በርቶ የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ስምንተኛ ስሪት ጀምሮ ነው። ቢሮሽ ውስጥ ሰባተኛው ካለ ራስሽ ዝጊው፣ 9200 የሚባለውንም በር ከውጭ እንዳይታይ አድርጊ። ስልክና የቤት ቁጥር ያለበትን መረጃ በተመለከተ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አንብቢው። ለፍለጋ የማይፈለግ ዓምድ ባይጫን ይሻላል።

10. መዝገብ ቤት ውረጂ።

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሥራው እዚያ ስለሚፈተን ነው። መዝገብ ቤት የምትሠራዋን ሴት፣ ፋይሉን ከመደርደሪያ የምታወጣዋን፣ ባለጉዳይ መጥቶ ምን ብሎ እንደሚጠይቃት ጠይቂያት። «የአባቴ ካርታ፣ የድሮው ቀበሌ፣ በደርግ ጊዜ» ይሏታል እንጂ በዓምድ ስም አይጠይቋትም። በእነሱ አነጋገር ሃያ ጥያቄ ጽፈሽ ያዢ፣ የእያንዳንዱን መልስ ከወረቀቱ አውጥታ ታሳይሽ። ከዚያ በሠራሽው ፍለጋ ላይ አንድ በአንድ ሞክሪያቸው፤ እሷ አጠገብሽ ተቀምጣ። እሷ በእጇ የምታገኘውን ማሽንሽ ካላገኘው፣ ስንት መቶ ሺህ መዝገብ ቢገባም ለአለቃሽ «አልቋል» ብለሽ ሪፖርት አታቅርቢ።